ከተማው ሜይ ላይ፣ ሐይቁ ገና ማርች ላይ

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም፣ የማወራው ደግሞ ስለ ሸራ ጀልባ ነው። አውቃለሁ፣ "ይሄን ልጅ ምን ነካው" የምትሉ አላችሁ፣ ሐበሻና ሸራ ጀልባ ምን አገናኘው ምናምን። እናቴም እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም፣ ስትደውል ገና ሰላም ሳትለኝ "ዛሬም ውሃ ላይ ነህ?" ነው የምትለው፣ "አይ እማዬ ቤት ነኝ" ካልኳት በኋላ ነው እንዴት ነህ እንዴት ሰነበትክ የሚመጣው። ባህር ዳር የኖረች ሴት ናት፣ ጣናን ታውቀዋለች፣ ስለምታውቀውም ነው የምትፈራው።

ለማታውቁኝ፣ ያለሁት ቺካጎ ነው፣ ኤጅዋተር የሚባለው ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት በልታችሁ ከሆነ ሰፈሬን ረግጣችኋል ማለት ነው፣ ከዛ ወደ ምስራቅ ትንሽ በእግር ከሄዳችሁ ሚሺጋን ሐይቅ ነው። እና ጀልባ የለኝም፣ እሱን ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ ክሪው ነኝ፣ ገመድ ጎታች። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ እዚህ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሁሌ ሰው ያጥራቸዋል፣ በተለይ በሰመር ረቡዕ ረቡዕ ማታ ለሚደረጉት ውድድሮች፣ ስለዚህ ሰዓት ካከበርክና ሲጮሁብህ ካልተቀየምክ በነፃ ይወስዱሃል፣ ሳንድዊችም አለው። የኛ ካፒቴን ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው፣ ወሬ አይወድም፣ አየር ሲነሳ ግን አፉ ይከፈታል።

ስፕሪንግ እዚህ የሚጀመረው በድልድይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ብዙዎቹ ጀልባዎች ከወንዙ ደቡባዊ ክንድ ዳር ባሉ ግቢዎች ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልለው ነው የሚከርሙት፣ ኤፕሪል ላይ ወደ ሐይቁ መውጣት አለባቸው፣ ግን ምሰሶው ረጅም፣ ድልድዩ አጭር፣ መሀል ላይ ደግሞ ዳውንታውን አለ። ስለዚህ ረቡዕና ቅዳሜ ከተማው ድልድዮቹን በየተራ ያነሳላቸዋል። እስቲ አስቡት፣ አስፋልቱ ከነመስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ሽቅብ ይቆማል፣ መኪና ሁሉ ይቆማል፣ ጥሩምባው ይቀልጣል፣ አንተ ከታች በእግር ጉዞ ፍጥነት በሞተር ቱክ ቱክ እያልክ ታልፋለህ። ከታች ስታየው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የተረጨው ጨውና ጠጠር፣ ድልድዩ ሲነሳ ተንሸራቶ በብረቱ ቀዳዳ እየወረደ ጀልባው ላይ ይዘንባል፣ ቻ ቻ ቻ እያለ፣ ካፒቴናችን ለዛ ብሎ አሮጌ ባርኔጣ ይዞ ይመጣል። ሐይቁ አፍ ላይ ያለውን የውሃ በር አልፈን ስንወጣ ግን ጨዋታው ይቀየራል፣ ወንዙ ላይ ጃኬትህን አውልቀህ የነበርከው ሰውዬ የጃኬትህን ዚፕ እስከ አገጭህ ትስበዋለህ።

ይሄ ነገር ነው ዛሬ ላወራው የፈለኩት። ሰው ሁሉ የቺካጎ ስፕሪንግ አይታመንም፣ እብድ ነው፣ ይላል። በፊት እኔም ከሰው ጋር እል ነበር፣ አሁን ግን ብዙም አልስማማም፣ ማለቴ አየሩ ይቀያየራል፣ በደንብ ይቀያየራል፣ ግን የሚቀያየርበት ምክንያት ግልፅ ነው፣ እንደውም ከብዙ ነገር የበለጠ ግልፅ ነው። መሬቱ ምጣድ ነው፣ ፀሐይ ትንሽ ከመታው ይግላል፣ ሐይቁ ደግሞ ትልቅ ጋን ነው፣ ቢለኩሱበት ቢለኩሱበት ወይ ፍንክች። ሚሺጋን ሐይቅ ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ርዝመቱ 490 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ጥልቁ ቦታ 281 ሜትር ነው። ይሄን ሁሉ ውሃ የኤፕሪል ፀሐይ ምን ታደርገዋለች? ለዛ ነው ከተማው ውስጥ ሰዉ በቁምጣ አይስክሬም እየላሰ፣ በፋራናይት 80 ሆኖ፣ ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው፣ እዛው ፊት ለፊት ውሃው 45 የሚሆነው፣ ሰባት ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ሁለት ወቅት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰፈር። የቲቪ አየር ትንበያ አቅራቢዎቹ በየቀኑ "ሐይቁ ዳር ቀዝቀዝ ይላል" ብለው የሚያልፏት ነገር አለች፣ እኛም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን እናልፋታለን፣ ግን ሁሉም ነገር ያለው እሷ ውስጥ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልንገራችሁ፣ ሜይ ነው፣ ሰማዩ ምንም የለበትም። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ከመሬት ነው የሚመጣው፣ ሞቃት ነው፣ ግን አስቂኙ ነገር ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ውሃ ሲያገኝ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ታች አይወርድም፣ ስለዚህ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለችው የነፋስ መለኪያ በደንብ ነፋስ አለ ትላለች፣ የውሃው ፊት ደግሞ መስታወት ነው፣ ፀጉሬ እንኳን አይንቀሳቀስም። የሸራው ጫፍ ይሰራል፣ ታችኛው ተኝቷል። አዲስ ሰው ይሄን ሲያይ መለኪያዋ ተበላሽታለች ይላል። ከዛ እኩለ ቀን ሲያልፍ ያቺም ጠፋች፣ ጭጭ። ካፒቴኑ አይኑን ከምስራቅ አያነሳም። ምን እያየህ ነው አልኩት፣ በአገጩ ጠቆመኝ፣ ሩቅ ውሃው ላይ ቀለሙ ጠቆር ያለ መስመር አለ፣ በጣም ቀጭን፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል፣ እና ወደኛ እየመጣ ነው። "ኮት ልበሱ" አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። እጄን እጅጌው ውስጥ ሳልጨርስ ደረሰብን፣ ሸራው በአንድ ጊዜ ጓ ብሎ ወደ ሌላኛው ጎን ዞረ፣ ጀልባዋ አጋደለች፣ ውስጥ የነበረ የቡና ኩባያ ሲንከባለል ይሰማኛል፣ እና ብርዱ፣ ብርዱ! በደቂቃ ውስጥ ከሰመር ወደ ክረምት። ያ እንግዲህ የሐይቅ ነፋስ የሚሉት ነው፣ መሬቱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ክፍተቱን ሊሞላ ይገባል፣ ስፕሪንግ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ አገባቡም እንደዛ ነው። ምንም ድንገተኛ ነገር የለውም፣ ሰውዬው ሲጠብቀው ነበር።

ጭጋጉም እንደዛው ነው፣ እርጥብ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ጭጋግ ይሆናል፣ ቀላል ሒሳብ ነው። ውስጡ ስትሆን ግን ሒሳቡ አይታወስህም፣ ከተማ የሚያህል ነገር፣ ያ ሁሉ ፎቅ፣ ድራሹ ይጠፋል፣ የሊንከን ፓርክን ውሻ ጩኸት ትሰማለህ መሬቱን አታየውም።

አንዳንዱ ነገር ግን እውነትም የማይታይ ነው፣ እሱን አልክድም። ጁን 26 1954፣ እዚሁ ሞንትሮዝ ሃርበር ላይ፣ ከኔ ቤት ሩቅ አይደለም፣ ሰዎች ጠዋት ዓሣ እያጠመዱ ነበር። ቀደም ብሎ ኃይለኛ የዝናብና የነፋስ ግንባር ከተማውን አልፎ ሐይቁን ተሻግሮ ሄዷል፣ አለቀ ተብሎ ነበር፣ ሰማዩም ጠርቷል። ግንባሩ ግን ሲሄድ ውሃውን ገፍቶት ነበር፣ የሚሄድበት ፍጥነትና የማዕበሉ ፍጥነት ሲገጣጠሙ ማዕበሉ እያደገ ይሄዳል፣ ያ ውሃ ማዶ ኢንዲያና ጋ ሚሺጋን ሲቲን መትቶ ተመለሰ። ተመልሶ ቺካጎ ሲደርስ ወደ ሦስት ሜትር ነበር። 8 ሰው ሞተ። ዝናቡ ከሄደ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ በጠራ ሰማይ። አሁን ሜቲዮሱናሚ ይሉታል፣ እነዚህ ትልልቅ ሐይቆች ላይ ትንንሾቹ በዓመት ወደ መቶ ገደማ ይመጣሉ፣ የሚበዙትም ከስፕሪንግ መጨረሻ እስከ ሰመር መጀመሪያ ነው፣ አብዛኛውን ማንም አያስተውላቸውም። ይሄን ታሪክ ሞንትሮዝ ላይ ሁሌ ዓሣ ለሚያጠምዱ አንድ የኛ ሰው ነገርኳቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸውም "ልጄ፣ ቀኔ ከደረሰ ቤቴም ድረስ ይመጣል" ብለው ሳቁብኝ። ወንበራቸውን ግን ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሳቡት፣ አይቻለሁ።

እና እኔ የምለው ምንድነው፣ አደጋው ብዙ ጊዜ አየሩ አይደለም፣ የኛ ጥማት ነው። ስድስት ወር በረዶ ዝቀህ፣ ጨለማ ውስጥ ስራ ሄደህ ጨለማ ውስጥ ተመልሰህ፣ አንድ ቀን 80 ሲሆን ታብዳለህ። ሁላችንም እናብዳለን። ካያክ ያለው ካያክ፣ ፓድል ቦርድ ያለው ፓድል ቦርድ ይዞ፣ በቲሸርት፣ ላይፍ ጃኬቱን ከኋላ አስሮት፣ ወደ ውሃው። ለብሶ የወጣው ለአየሩ ነው፣ ቢወድቅ የሚገባው ግን ውሃው ውስጥ ነው። ካፒቴናችን 80 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከእግር እስከ አንገት ውሃ የማያስገባ ሱት ለብሶ ሲመጣ ዶኩ ላይ ሰው ይስቅበታል፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ዝም ይላል። እዚህ አንድ፣ አስር፣ አንድ የሚሉት ነገር አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ ትንፋሽህን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ አለህ፣ እጅና እግርህ ለሚታዘዙህ ስራ አስር ደቂቃ፣ ራስህን እስክትስት አንድ ሰዓት ገደማ። ሰው ሰዓቱን ነው የሚሰማው፣ "ኧረ አንድ ሰዓት ብዙ ነው" ይላል። ብዙ ሰው ግን እዛ አይደርስም፣ መጀመሪያ ደቂቃው ላይ ሳይፈልግ ኧህ ብሎ አየር ሲስብ ውሃ ይገባዋል፣ ዋናተኛ ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ካፒቴኑ ሁሌ ወቅቱ ሲጀምር ያሰራናል፣ የጀልባውን የጎን ትራስ ሳያስጠነቅቅ ወደ ውሃ ይወረውርና "ሰው ወደቀ!" ይላል፣ አንዱ ጣቱን ቀስሮ አይኑን ሳያነሳ ያያል፣ ሌላው ሸራ፣ ሌላው መሪ። ብርቱካናማ ትራስ ነች፣ ጥሩ ቀን ላይ ነው፣ ማዕበሉ ጉልበት አይደርስም፣ ዞረን እስክንመለስ ግን ሁለቴ ከአይኔ ጠፍታለች። ሰው ጭንቅላት ከሷ ያንሳል።

የአየር ትንበያውን ነገር ካነሳሁ፣ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለችውን የፀሐይ ስዕል አይቶ ነው የሚወጣው፣ እሷ የከተማውን አየር ነው የምታወራው፣ ስለ ሐይቁ አታውቅም። የብሔራዊ አየር ትንበያ ድርጅቱ ለሐይቁ ዳር ለብቻው ያወጣል፣ በራዲዮም ያቺ የኮምፒውተር ድምፅ ቀኑን ሙሉ ታነበዋለች፣ ነፋሱ 22 ኖት፣ በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደረሰ ወይ ማዕበሉ 4 ጫማ ከሞላ ለትንንሽ ጀልባ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። አራት ጫማ ስትሰሙ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ ውቅያኖስ ላይ ምንም ላትሆን ትችላለች፣ ሐይቅ ላይ ግን ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱን ወጥተህ ሳትወርድ ሌላው ፊትህ ቆሟል። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ደግሞ ሐይቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲነዳው ነው የሚመጣው። ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ መሀል ሐይቅ ላይ ያሉትን መለኪያ ተንሳፋፊዎች በረዶ እንዳይሰብራቸው ክረምት ላይ ያወጧቸዋል፣ ስፕሪንግ ላይ ነው የሚመልሷቸው፣ ስለዚህ አየሩ በጣም በሚያስቸግርበት ሰሞን ነው መሀል ላይ የሚያይልን የሚያንሰው።

እናቴን ለምን እንደማልሰማት ላስረዳ። እሷ በጭንቅላቷ ያለው ጣና ነው፣ ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚቀዝፈው፣ ደንገል ነዋ፣ ውሃ ያሳልፋል። እዛም ህግ አለ፣ ጠዋት ነው መሄድ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ከዘጌ የሚመጡት እንጨት ጭነው ጠዋት ነበር የሚደርሱት፣ ማንም ሰው ስለ ሐይቅ ነፋስ አስተምሯቸው አይደለም። አንድ ቀን ለካፒቴኑ የታንኳ ፎቶ በስልኬ አሳየሁት፣ አጉልቶ አሳንሶ አየው፣ "ሞተር የለውም? ላይፍ ጃኬት የለም? እና በምን ነው የሚተማመኑት?" አለኝ፣ በሰዓቱ አልኩት። በጣም ደስ አለው፣ እንደዛ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አሁን ከሱ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ መቼ እንውጣ የሚለው። እሱ ኤፕሪል መጨረሻ ይላል፣ ሱቱ አለዋ፣ ለኛም ሁለት አሮጌ ሱት አግኝቶልናል፣ አንዱ አንገቱ ላይ ያለው ጎማ ተቀዷል። እኔ ጁን አጋማሽ ብዬ ተከራክሬያለሁ፣ ውሃው ያኔም ቀዝቃዛ ነው ግን ይሻላል፣ እሱ "ጁን ላይ ማንም ይወጣል" ይለኛል፣ ይሄ መልስ ነው? አልተስማማንም። የዚህን ቅዳሜ ድልድይ ግን አብሬው እሄዳለሁ፣ ወንዙ ላይ ነው፣ ሐይቁ በር ጋ ስንደርስ እናያለን ብያለሁ፣ የተቀደደውን ሱት ለኔ እንዳይሰጠኝም አስጠንቅቄዋለሁ። ቶሮንቶ ያላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ኦንታሪዮ ሐይቅ አጠገባችሁ ነው፣ እዛ ውሃ ላይ የሚወጣ ሐበሻ ካለ እስቲ ቮይስ ላኩልኝ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት? ባህር ዳር ያላችሁም፣ ግንቦት ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ስንት ሰዓት ላይ ነው አሁን የሚነሳው፣ ንገሩኝ፣ ከእናቴ ጋር ተወራርደናል።