የሥራ ልምዳችሁን ሲቪ ላይ ስትጽፉ፦ ስንት እስር እንጨት አመጣችሁ?

ሰላም ናችሁ! ዛሬ ሲቪ ነው። ከሲቪም አንዷን ክፍል፣ የሥራ ልምድን።

መጀመሪያ ግን ጣና ዳር እንውረድ።

(ምስል፦ በታንኳ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው)

ይኼን ሰው እዩት። ከዘጌ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር ነው። ታንኳዋ የደንገል ናት፤ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ማዕበሉ አለ። ይቀዝፋል፣ ይቀዝፋል፣ ይቀዝፋል። ከተማ ሲደርስ ገዢው «ስንት ሰዓት ቀዘፍክ?» ይለዋል? አይለውም! «ስንት እስር ነው? ደረቅ ነው?» ነው የሚለው። እኛስ ሲቪ ላይ ምን እንጽፋለን? መቅዘፉን። «እንግዳ መቀበል፣ ሒሳብ መያዝ፣ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች።» እባካችሁ ያቺን «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» ዛሬውኑ ሰርዟት፤ ቦታ ከመያዝ በቀር የምትናገረው የለም።

አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ ምን ሠራችሁ፣ ምን ያህል፣ ምን ተገኘበት። ሆቴል ሪሴፕሽን ነበራችሁ እንበል። «40 ክፍል ባለው ሆቴል በአንድ ፈረቃ ከ20 እስከ 25 እንግዶች አስተናግጃለሁ፤ በጥምቀት ሰሞን አንድ ክፍል ለሁለት ሰው እንዳይያዝ መዝገቡን በኤክሴል አደራጅቻለሁ።» ለቅርቡ ሥራ ከ3 እስከ 5 መስመር፣ ለድሮው 1 ወይም 2 ይበቃል። ቁጥሩን ከፈረቃ መዝገብና ከደረሰኝ ጥራዝ ታገኙታላችሁ። «በ30 በመቶ አሳደግሁ» የምትሉ ከሆነ «ከስንት ወደ ስንት?» መባላችሁ አይቀርም፤ መልሱ ከሌላችሁ አትጻፉት።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁት። «የልምድ ማስረጃዬን አያይዤ የለ፣ ለምን ደግሜ እጽፋለሁ?» ይኼ ብዙ ሰው ይጎዳል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማስረጃው የሚገልጸው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። በቃ! ስንት እንግዳ እንዳስተናገዳችሁ እዚያ ውስጥ አትፈልጉት። ማስረጃው መቅዘፋችሁን ይመሰክራል፤ እስሩን የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ።

ቀኑ ግን ከማስረጃው ጋር አንድ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በፈረንጅ ሲቀይር ሁሌም 8 ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከገቡ ወዲህ ነው። መስከረም 2012 ሴፕቴምበር 2019፣ ሰኔ 2014 ደግሞ ጁን 2022። 8 ከደመራችሁ መነሻው 2020 ይሆንና አንድ ዓመት ልምዳችሁን በገዛ እጃችሁ ትቀንሳላችሁ።

ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ቀጥሎ የማመልከቻ ደብዳቤ ነው። አሁን ግን ቪዲዮውን አቁሙና የመጨረሻውን ሥራችሁን አንድ መስመር ጻፉ።