የቤቴ ሰዎች ልክ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ይልቁንም ከሥራና ከቤት ጣጣ በተረፈቻችሁ ሰዓት ለሦስት ወር ስፌት ስትማሩ ቆይታችሁ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ አዘጋጆቹ ሰው የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቁጥር ጋር የምውል ሴት ነኝ። የምሰፋው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቶናው ተጠጥቶ ስኒው ከተነሣ ወዲያ፣ ለቤቴ ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ ለዚህም ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም። ሆኖም ከእናንተ መካከል ጥቂቶቹ ሱቅ ብትከፍቱም የሚበዙት እንደ እኔ በቤታቸው አንድ ጥግ መኪና አስቀምጠው የሚሰፉ ይሆናሉና፣ ስለዚያ ጥግ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መኪናዬ የእናቴ ነበረች። ጥቁር፣ ወርቅማ ጌጧ ከብዙ መወልወል የተነሣ የደበዘዘ፣ በእጅ የምትዘወር ሲንጀር ናት። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ እንደ መሆኗ፣ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዋን ስለ ቆረቆራት፣ በልጅነቴ በሰፈራችን የልብስ ገመድ ላይ ከሚሰጣው የሚበዛው የምድር ባቡር ሠራተኞች ካኪ ነበር። የአባቴ ካኪ ሁልጊዜ ይሰፋው ነበርና እናቴ ጎኑን ፈትታ፣ ከውስጥ አጥፋ፣ በዚህች መኪና ታጠብበው ነበር። በኋላ ባለቤቴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ዚግዛግ የሚሰፋና የቁልፍ ቀዳዳ የሚያወጣ መኪና ገዝቶልኛል። መብራት በሚጠፋበት ቅዳሜ ግን ሥራውን የምትጨርሰው የእናቴ ሲንጀር ናት። ትንሹ ልጄ አንድ ጊዜ ሊያግዘኝ ብሎ የምግብ ዘይት አጠጥቷት፣ ዘይቱ በሳምንት ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቆ መዘወሪያዋ አልንቀሳቀስ አለ፤ ፈትቼ በነጭ ጋዝ ለማጠብ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። የስፌት መኪና ዘይት ለብቻው የሚሸጠው በከንቱ አይደለም። በድሬ ነፋስ የሚመጣው አሸዋም ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚበላ ነገር ስለሆነ፣ መኪናችሁን ሳትሸፍኑ አትደሩ።

ስለ ጨርቅ ጥቂት ልበል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ቤተሰቤ እንደሚመሰክረው ግትር ነኝ። በግንቦትና በሰኔ በዚህች ከተማ ፖሊስተር የለበሰ ሰው ላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 8 በመቶ የሚያህል እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ላባችን መሄጃ አጥቶ ቆዳችን ላይ ይቀራል። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ነጋዴውን ብትጠይቁት ሁሉም ጨርቅ ንጹሕ ጥጥ ነው። እኔ ከጠርዙ ሁለት ክር መዝዤ፣ ከሱቁ ወጣ ብዬ በክብሪት አቃጥላለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ እንደ ወረቀት ሸትቶ፣ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። አንዳንድ ነጋዴዎች ስመጣ ሲያዩኝ ክብሪቱን ራሳቸው ያቀብሉኛል።

የአካባቢያችን ሴቶች ይህን ያለ ክብሪት ያውቁት ነበር። የሚለብሱት ቀሚስ፣ ሽቲም ሆነ ድሪያ፣ ሰፊና ስስ ሆኖ የተሠራው ነፋስ ከሥር ገብቶ በአንገት እንዲወጣ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ለቆላ የሚሆን ቅድ አላየሁም። የእኔም አለባበስ ከዚያ የተወለደ ነው። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የምሰፋው አንድ ዓይነት ቀሚስ ነው፤ ኮሌታ የለውም፣ እጅጌው እስከ ክርን ነው፣ ብብቱ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ነው፣ ርዝመቱ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ነው፣ በሁለቱም ጎን መነጽር፣ ቁልፍና ስልክ የሚይዝ ጥልቅ ኪስ አለው። የሴት ልብስ ኪስ እንዲጎድለው ማን እንደ ፈረደ አላውቅም፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ስድስት አሉኝ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዱ የቡና ቀለም፣ የቀሩት አበባ ያላቸው ናቸው። ልጆቼ «የእማዬ ዩኒፎርም» ይሉታል። ለዓመት በዓል የሸማኔ ሥራ የሆነውን የሐበሻ ቀሚሴን እለብሳለሁ፤ እርሱን ለመስፋት አልደፍርም፣ ጥለቱ ሲላቀቅ ብቻ መልሼ በእጄ እወጋዋለሁ።

ታናሽ እኅቴ ሐረር ናት የምትኖረው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 የምትጠጋ ስለሆነች፣ ከዚህ የተሰፋ ቀሚስ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ሌላ ልብስ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀሚስ የላክሁላት ያለ ገበር ነበርና፣ ማታ ደውላ «ምነው እኅቴ፣ ብርድ ልትገድይኝ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የእርሷን ሁሉ በገበር እሰፋለሁ። እርሷን ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ጁገል በተባለው የሐረር ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ የሚወርደውን መኪና ግርግር የተባለውን መንገድ ሳላይ አልመለስም። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ በር ላይ ተደርድረው ተቀምጠው፣ ከጎረቤት ሱቅ የተገዛውን ጨርቅ ደንበኛው ቆሞ እያየ ይሰፉታል። እጅጌን ሳትሸበሸብ ወደ ትከሻ ማስገባት የተማርሁት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ከኋላው ቆሜ በማየት ነው። ጎበዙ ሰፊ አንድም ስፒል አልተጠቀመም። እኔ እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት እጠቀማለሁ፤ ከእነዚህ አንዷ ዘወትር በባለቤቴ እግር ትገኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከመኪናው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለኝ። የቤቴን ሰዎች ልክ የምጽፍበት ሲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስከረም ትምህርት መከፈት በፊት፣ ሁሉንም በተራ አቁሜ በሜትር እለካቸዋለሁ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የክንድ ውፍረት፣ ከዚያም ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሏቸው ሁለቱ፦ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ በጀርባ በኩል፣ ከትከሻ እስከ ወገብ በፊት በኩል። ገዝተን የምንለብሰው ልብስ ለማንም ያልተሰፋ ነው፤ ስለዚህ ሲጠበን ወፍረን፣ ሲሰፋን ከስተን ይመስለናል። የባለቤቴ ቀኝ ትከሻ ከግራው አንድ ሴንቲ ተኩል ዝቅ ይላል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር የገዛው ሸሚዝ ሁሉ ወደ ቀኝ የሚሸሸው የለበሰው አስተካክሎ ስላልቆለፈ መስሎኝ ስጨቀጭቀው ነበር። የለካሁት ቀን ዝም አልሁ። አሁን የቀኙን የትከሻ ስፌት ዝቅ አድርጌ እሰፋለታለሁ፤ ማንም አያውቅበትም፣ እርሱ ግን ሸሚዙን መጎተት ትቷል።

ታላቋ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አልለካም አለች። በትምህርት ቤት የቤት ስፌት መልበስ ያሳፍራት ጀምሮ ነበር፤ ታይዋን ገበያ የተደረደረው ጂንስ ሁሉ ያማራት ነበር። ተቀየምሁ፣ አልዋሻችሁም፤ የደብተሩ የእርሷ ገጽ ሦስት ዓመት ባዶ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰልባጅ የገዛችውን ጂንስ ይዛ መጥታ፣ «ወገቡ ሰፊ ነው፣ ዳሌው ልኬ ነው፣ ምን ይደረግ?» አለችኝ። እንዲህ ያለው ጂንስ ጎኑን በማጥበብ አይስተካከልም፤ የኋላውን ቀበቶ ማያያዣ መፍታት፣ የመካከሉን ስፌት ማጥበብ፣ ቀበቶውን ቆርጦ መመለስ ያስፈልጋል፤ መርፌውም ቁጥር 16 መሆን አለበት፣ በቀሚስ መርፌ የሞከረ ሰው ስብርባሪውን ከዓይኑ ይጠብቅ። አብረን ሠራነው። ከዚያ በኋላ ሜትሩን ስዘረጋ አልሸሸችም።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ቀሚሷ ከኋላ ሽቅብ እየተሳበ፣ ከፊት ግን ወርዶ እየረገጠችው አስቸገራት። ጨርቁ ሳይታጠብ በመቆረጡ የተሰበሰበ መስሎኝ ታችኛውን ጠርዝ ፈትቼ ዙሪያውን አስተካክዬ ቀመቀምሁት፤ በሦስተኛው ወር እንደገና ያው ሆነ። ደብተሩን ገልጬ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን አየሁና መልሼ ለካኋት። በጀርባ በኩል 39 ሴንቲ የነበረው 42 ሆኗል፤ በፊት በኩል 42 የነበረው 40 ሆኗል። ልብሱ ደኅና ነበር። እናቴ ጎብጣለች፣ በየቀኑ ፊት ለፊቷ እየተቀመጥሁ ቁርስ የምበላ ልጇ ደግሞ አላየሁትም ነበር። ስጠይቃት ወገቧን ካመማት ዓመት እንደ ሆናት፣ እንዳንጨነቅ ብላ እንዳልተናገረች ነገረችኝ። ሐኪም ቤት ሄድን፤ ዛሬ ካልሲየም ትወስዳለች፣ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቶቿ ጋር በእግር ትሄዳለች። ቀሚሷንም ለጎበጠ ጀርባ እንደሚገባው፣ ከኋላ ሦስት ሴንቲ ጨምሬ፣ ከፊት ሁለት ቀንሼ ቆርጬላታለሁ፤ ለብሳው ስትቆም ጠርዙ ዙሪያውን ከመሬት እኩል ነው።

ሰው ሁሉ «አንዲት ነገር ብቻ ስፊልኝ» ማለቱ አይቀርምና ስለዚህም ላስጠንቅቃችሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ለዒድ የገዛችውን ውብ ጨርቅ አምጥታ እምቢ ማለት አቅቶኝ ተቀበልኋት፤ ጊዜ ስላጠረኝ ሳላጥብ ቆረጥሁት። በዓሉን በደስታ ለበሰችው፣ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ግን ደረቷ ላይ አልዘጋ አለ። አልተቆጣችኝም፤ በብብቱ ሥር ቁራጭ ጨምሬ አስፍቼዋለሁ፣ ነገር ግን ቁራጩን ባየሁት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ከገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ሳፋ ውስጥ ነው።

ስለ መቀስ እንኳ ባልናገር ይሻል ነበር፤ ቤተሰቤ ፊት ለፊት ተቀምጧልና። የጨርቁ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም፣ ላስቲክ አይቆርጥም፣ የዶሮ እግር ደግሞ በፍጹም አይቆርጥም። ይህን የሠራው ሰው ራሱን ያውቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ለእኔ ሰባተኛ ቀሚስ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ አጥቤ አስጥቼ ነበር። የራሴን ልክ ራሴ ከለካሁት ቆይቻለሁ፤ የድሮውን ቁጥር እያየሁ ነው የምቆርጠው። ታላቋ ልጄ ሜትሩን ከእጄ ወስዳ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለችኝና በተራዬ ለካችኝ። ደብተሩ ላይ ከጻፈች በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ የጀርባዬ ልክ በአንድ ሴንቲ እንደ ጨመረ፣ የፊቱ ልክ በግማሽ ሴንቲ እንደ ቀነሰ ነገረችኝ። ጎንበስ ብዬ ከሒሳብ መዝገብ ጋር የዋልሁባቸው ዓመታት እዚያ ተጽፈዋል። አልተከራከርኋትም። ጨርቁ ደርቆ ተተኩሷል፤ በሚመጣው ቅዳሜ እርሷ ትቆርጠዋለች፣ መቀሱንም አስረክቤያታለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።