ወሬው በመኪና፣ ጆሮው በእግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ልጆችም ጭምር፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀደልን እድር እናመሰግናለን። ዳቦውን ለደፉልን እናቶች እግዜር ይስጥልን። ማይክ ያዋሰን ጎረቤትም እንዲሁ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት መልሱልኝ ብሏልና ቶሎ ቶሎ እላለሁ። የምስጋናውን ዝርዝር ጸሐፊያችን በሁለት ገጽ ጽፎልኛል፤ ሁለተኛውን ገጽ ዘልዬዋለሁ። ስማችሁ እዚያ ያለ ይቅር በሉኝ።

ከነቤተሰብ እንጦጦ የሚወጣው ማኅበራችን የዓመቱ ሥራ ይኸው ነው። እንጦጦ ዘጠኝ ጊዜ ወጣን። ሐምሌና ነሐሴ በዝናብ፣ አንዴ ደግሞ በለቅሶ ቀረን። ችግኝ ተከልን፤ ግማሹ ጸድቋል። ሁለት ሰው ተንሸራቶ ወደቀ፣ የተሰበረ የለም። ፎቶ ግን ተነስተናል! በፎቶ ብዛት ቢሆን ኖሮ ይህን ማኅበር የሚያክል አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ይህ ማኅበር ሲጀመር ደንቡ አንድ ነበር። በወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ ተገናኝቶ ከነቤተሰብ በእግር መውጣት። ኅዳር ላይ ግን ሦስት መኪና ሙሉ ሰው በጎን አልፎን ሄደ። እኛ እያለከለክን ስንደርስ እነሱ ማኪያቷቸውን ጨርሰው ነበር። እኔም ያን ቀን በንዴት፣ በሁሉም ፊት፣ «በመኪና የወጣ እንጦጦ አልወጣም» አልኩ። ማታ ደግሞ ያው ነገር ቴሌግራም ላይ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የቴሌግራም ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «እግረኞች»፣ አንዱ «ባለጎማዎች» ተባለ። ባልና ሚስት የተለያየ ግሩፕ ውስጥ የገቡበት ቤትም አለ። ስም አልጠራም፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነው።

እኔን ለምን እንደዚያ እንዳናደደኝ ልንገራችሁ።

አባቴ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔንና እህቴን ይዞን ይወጣ ነበር። ያኔ በር የለ፣ አስፋልት የለ፣ ፈረስ ግልቢያ የለ። ድንጋይና አቧራ ነው። አባቴ የኮቱን የግራ ኪስ ቆሎ ሞልቶ ይመጣል። ኪሱ ቀዳዳ ስለነበረው እናቴ በጥቁር ኮት ላይ በነጭ ክር ሰፍታዋለች። ዳገቱ ሲበረታ አንድ እፍኝ፣ ማረፊያው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ሌላ እፍኝ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲመጡ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ጭነቱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ነው። አባቴ እጃችንን ይዞ ወደ ዳር ያወጣናል፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ እስኪያልፉ ይቆማል። ምንም አይለንም። ዛሬም ሸክም የያዘ ሰው ሳይ ሳላስበው ዳር እይዛለሁ።

ማረፊያው ላይ ቁጭ ብለን ከተማውን ወደ ታች እያሳየን ያወራል። ምኒልክ እዚህ ነበሩ ይላል፤ በ1882 የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማው ግን ከዚያ በፊት ጣይቱ ፍልውሃን ወድደው ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር ይላል። ባሕር ዛፉም ከአውስትራሊያ ነው የመጣው፤ ማገዶ አልቆ ንጉሡ ከተማውን ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ሲሉ ያስቀራቸው ይኸው ዛፍ ነው ይላል። እህቴ «በእግሩ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና ዓይኔ ኪሱ ላይ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ተወርቶ አያውቅም። አባቴ ቤት ሲገባ ሬዲዮኑን ከፍቶ ዝም ነው። የሚያወራው ሲራመድ ነው። ለዚህ ነው በእግር እንሂድ ብዬ ድርቅ ያልኩት።

ግን ተሳስቼ ነበር። ምን ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ።

አምና ጉባኤው «የቤተሰብ ትዝታ እናሰባስብ» ብሎ በጭብጨባ ወሰነ። ወጣቶቹ ፎርም አዘጋጁ። «በእንጦጦ ፓርክ ከቤተሰብዎ ጋር ያሳለፉትን ቀን ይግለጹ» ይላል። 64 ቤት አደልን። ስንት የተመለሰ ይመስላችኋል? 7። ከሰባቱ አንዱ ላይ የተጻፈው «ጥሩ ነበር» ብቻ ነው። እኔ በስንፍናችሁ ተናድጄ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዲት እናት ፎርሙን ከመሶቡ ስር አውጥተው መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ ፓርክ የት አውቃለሁ? ፓርክ ሄጄ አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ፓርኩ የተመረቀው በ2013 ነው፤ እሳቸው ዳገቱን የወጡት ልጅ አዝለው ነው። «እንጦጦስ?» አልኳቸው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አላቆሙም። ቀጋ ለቅመው ልጆቻቸውን እንዴት እንዳባበሉ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ጅብ እንዳዩ፣ የመጨረሻዋ ልጃቸው የትኛው ዛፍ ስር «ደከመኝ» ብላ ጫማዋን ወርውራ እንደተቀመጠች ነገሩኝ። ስልኬ ቻርጅ ስለጨረሰ አልቀዳሁም። ችግር የለም፣ በታኅሣሥ ጉዞ እየተራመድን ያሳዩኛል፣ ያኔ እንቀዳለን አልኩ።

በታኅሣሥ እሳቸው ጉልበታቸውን ስላመማቸው በመኪና ወጡ። እኛ እግረኞች ነንና በእግር ወጣን። ድምፅ ቀጂው ልጅ ከእኛ ጋር ነበር። ስንደርስ ብርዱ ጠንክሮባቸው ተመልሰዋል። በጥር አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው ከዋሽንግተን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እማዬ ስለ እንጦጦ ስታወራ ቀድታችኋል ሲባል ሰማሁ፤ ትልኩልኛላችሁ?» አለኝ። ምን ልበለው? የሰማሁትን በራሴ አፍ ነገርኩት። የእኔ ድምፅ ግን የእናቱ ድምፅ አይደለም። ጫማዋን የወረወረችው ልጅ እህቱ መሆኗን እሱ ነው የነገረኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ተራኪዎቹ በመኪና ይወጣሉ፣ ልጆቹ በእግር ይወጣሉ። ወሬው አንድ ቦታ፣ ጆሮው ሌላ ቦታ። እኔ ስለ ጎማና ስለ እግር ስከራከር ዓመቱ አለቀ። በመኪና ለወጣችሁ ሽማግሌዎች፣ ያን ቃል በሁሉም ፊት እንዳልኩት በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ግን ይቅርታ የለኝም። አንተ ጉልበትህ ምን ሆነ?

ያልመጣችሁትንም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ይህ ንግግር ተቀድቶ በሁለቱም ግሩፕ ይለቀቃል። «ሥራ በዛብኝ» ያልከው ወንድሜ፣ ባለፈው እሁድ ኳስ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠህ አይቼሃለሁ። እጅ ነስተኸኛልም። «ልጆቹ አስጠኚ አላቸው» ያልሽው እህቴ፣ እናትሽ 80 አልፏቸዋል። በየወሩ እኔን «የእናቴን ድምፅ ቅዱልኝ» ትይኛለሽ። ስልክ የለሽም? የምትኖሩት አንድ ግቢ ነው እኮ! መዋጮስ? በወር 50 ብር ነው፤ ከ64 ቤት የከፈለው 23 ነው። ማኪያቶ ሂሳብ ላይ የሚሽቀዳደም ሰው መዋጮ ላይ ለምን እንደሚጠፋ አላውቅም።

ሥራ አስፈጻሚው ያሰበውን ላቅርብ፣ ከሻይ በኋላ ትከራከሩበታላችሁ። መውጣት የሚችል እንደ ድሮው ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ይውጣ። ለማይችሉ ሚኒባስ እንከራይ። ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ፓርኩ በር ይገናኝና፣ ከዚያ በኋላ ደልዳላውን መንገድ ይዘን አብረን እንራመድ፣ በሽማግሌ እርምጃ። እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጎን ይሁን። የራሱ አያት መሆን የለባቸውም፤ የራሱ አያት ሲሆኑማ «ሰምቼዋለሁ» ብሎ ይሮጣል። ፎርሙ ይቅር። ስልክ ግን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ይምጣ፤ ይህን የምለው መጀመሪያ ለራሴ ነው።

የሚኒባሱ ኪራይ ከየት ይምጣ ለሚለው ገንዘብ ያዣችን መልስ አላት፤ መልሷ ግን ደስ አይላችሁም። መድረኩ የእሷ ነው። እስከዚያው ማይኩን የያዝከው ልጅ፣ ሰዓቱን እይልኝ።