ቃሉ ከጊታሩ ፊት ይቁም፦ በፈረንሳይ ፖፕ ሮክ የሴት ድምፅን ስለመቅዳትና ሚክስ ስለማድረግ

ክቡራንና ክቡራት፣ የተወደዳችሁ የድምፅ ቀረጻ ተማሪዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመረጥኩት ርዕስ ጠባብ ነው፤ በፈረንሳይ ፖፕ ሮክ የሴት ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳና እንዴት ሚክስ እንደሚደረግ፣ ማለትም ለየብቻ ከተቀዱት መሣሪያዎች ጋር እንዴት እንደሚዋሃድ። ፓሪስ ውስጥ በስቱዲዮ ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ ድምፅ ከተማርኩት አብዛኛውን የተማርኩት ግን በዚህ ጠባብ በር ገብቼ ስለሆነ፣ ሰፋ ያለ ነገር ከማንሳት ይልቅ የማውቀውን ይዤ መቅረብን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ስሕተቴ ልጀምር። ፓሪስ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የአንዲት ወጣት ድምፃዊትን ሥራ ሚክስ እንዳደርግ ተሰጠኝ። ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና አንድ ኪቦርድ ነበረው። የልጅቷ ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያለ ሲሆን፣ አዝማቹ ላይ ከፍ ስትል ጆሮ የሚወጋ መሰለኝ። ስለዚህ የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክፍሎች ነጥሎ የሚያጎላውንና የሚቀንሰውን ኢኮላይዘር 2000 ኸርዝ (በሰከንድ 2000 ንዝረት) አካባቢ ላይ ጠበብ አድርጌ አምስት ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ቀነስኩለት። ድምፁ ለሰለሰ፤ እኔም ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ድምፃዊቷ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ አዝማቹ እንዳለፈ «አንዴ አቁመው» አለችኝ። «እኔ እዚህ ቦታ ላይ የዘፈንኩት ‹አንተ› ብዬ ነው፤ አሁን የሚሰማኝ ግን ‹ሁሉ› የሚል ነው።»

በፈረንሳይኛ «አንተ» እና «ሁሉ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ሁለቱም «ቱ» ናቸው። ለፈረንሳዮች ግን የተለያዩ ድምፆች ናቸው። «ሁሉ» የሚለው የእኛው «ኡ» አለበት። «አንተ» የሚለው ደግሞ ከንፈር እንደ «ኡ» ሞጥሞጥ ብሎ፣ ምላስ ግን እንደ «ኢ» ወደ ፊት ቀርቦ የሚወጣ፣ አማርኛ የሌለው አናባቢ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በዋናነት አፍ ውስጥ ድምፁ ከሚጎላባቸው ቦታዎች ሁለተኛው የሚያርፍበት ከፍታ ነው። በ«ሁሉ» ላይ ከ1000 ኸርዝ በታች ይቀራል፤ በ«አንተ» ላይ ወደ 2000 ኸርዝ አካባቢ ይወጣል። እኔ ጆሮ ይወጋል ብዬ የቆረጥኩት እንግዲህ ቃሉን ቃል የሚያደርገውን ክፍል ነበር። አንድ የውጭ ሰው «ገና» የሚለውን ቃል አጥብቆም አላልቶም አንድ ዓይነት አድርጎ ቢቀዳብን፣ በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር ሳይለይ ቢቀር፣ የሚሰማንን አስቡት። እኔም በእሷ ቋንቋ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ጥፋቱ ለምን በሴት ድምፅ ላይ እንደሚከፋ ማወቅ ይጠቅማል። ድምፃዊት 440 ኸርዝ ላይ ስትይዝ ከመሠረቱ በላይ የሚደረደሩት ሃርሞኒኮች (የመሠረቱ ድምፅ ብዜቶች) በ880፣ በ1320፣ በ1760፣ በ2200 እያሉ ይሄዳሉ፤ ማለትም እጅግ ተራርቀው ይቆማሉ። አንድ ወንድ በ110 ኸርዝ ሲዘፍን በዚያው ስፋት ውስጥ አራት እጥፍ ሃርሞኒኮች አሉት። ስለዚህ በወንዱ ድምፅ ላይ ጠባብ ቁርጥ ብታደርጉ ጎረቤቶቹ ይሸፍኑታል። በሴቷ ላይ ግን አንዲት ሃርሞኒክ ስትወገድ ክፍተቷን የሚሞላ የለም፤ አናባቢው ራሱ ይጎድላል። ከፍ ባለ ዜማ ላይማ አናባቢዎች በተፈጥሯቸው እርስ በርስ መመሳሰል ይጀምራሉ፤ እኛ ደግሞ ከላይ ስንቀንስ የቀረውን እናጠፋዋለን። ድምፁ ከመጠን በላይ የሚያስቸግረው በአንዳንድ ኖታዎች ላይ ብቻ ከሆነ፣ እነዚያ ሲመጡ ብቻ የሚሠራ ዳይናሚክ ኢኮላይዘር መጠቀም ወይም በእጅ ነጥሎ ማስተካከል ይሻላል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የሴት ድምፅን ከ1500 እስከ 3000 ኸርዝ ባለው ክልል ከሁለት ዲሲቤል በላይ ለመቀነስ ስነሳ፣ እጄን መልሼ መጀመሪያ ጊታሩን እጠይቃለሁ።

ጊታሩን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲስቶርሽን (ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር) የገባበት ኤሌክትሪክ ጊታር አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያፈሰው ቃል በሚለይበት በዚያው ክልል ነው። ብዙ ጊዜ ድምፃዊቷ ጮሃ የወጋችን የሚመስለን፣ ጊታሩ ቦታዋን ስለወሰደባትና እኛም ፌደሯን (የድምፅዋን መጠን ማስተካከያ) ከፍ ስላደረግን ነው። መፍትሔው ከአቀናባሪው ይጀምራል። ስንኙ በሚዘፈንበት ጊዜ ጊታሩ ዝቅ ያለ ኮርድ ቢይዝ ወይም ቢያርፍ፣ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ይሠራል። ቀረጻው አልቆ ከደረሰን ደግሞ ሁለቱን ጊታሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ አርቀን፣ በመካከለኛው ክልል ሁለት ወይም ሦስት ዲሲቤል ከእነሱ እንቀንሳለን። ብቻቸውን ስናደምጣቸው ጎደሎ ይመስላሉ፤ ድምፃዊቷ ስትገባ ግን ሙሉ ይሆናሉ። ጊታሪስቱ በአጠገባችን ካለ ይህን ብቻውን እንዲያዳምጠው ባናደርግ ደግ ነው።

ፈረንሳዮች ዘፈን ሲሰሙ ቃሉን ይሰማሉ። ቻንሶን በሚባለው፣ ግጥም ቀዳሚ በሆነበት ዘፈናቸው የዳበረው ባህላቸው ድምፁን ከባንዱ ፊት ያቆማል፤ ፖፕ ሮኩም ይህን ወርሷል። በ1994 የወጣውና ከ1996 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ራዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሟቸው ዘፈኖች 40 በመቶው በፈረንሳይኛ እንዲሆኑ አስገድዶ ነበር፤ ኋላ ለአንዳንድ ጣቢያዎች መጠኑ ዝቅ ብሏል። ቃሉ ይሰማ የሚለው ጥያቄ በስቱዲዮ የሚነሳውም በዚህ አገር ልማድ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ሮክ ለምዶ የመጣ ባለሙያ ድምፁን ወደ ባንዱ ውስጥ ሲያሰምጠው ፕሮዲውሰሩ ወዲያው «ወደ ፊት አምጣት» ይለዋል።

ወደ ፊት ማምጣት ግን ማስጮህ አይደለም። ድምፃዊቷ ፍራንሷዝ አርዲ በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ስትወጣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የማይገፋ፣ አንድ ሰው ብቻ አጠገቧ እንዳለ የምታወራ የሚመስል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቿ አጃቢ ሙዚቃ ስላልረካች ከ1964 ጀምሮ ለንደን እየሄደች ከአቀናባሪው ቻርልስ ብላክዌል ጋር ቀዳች። የእነዚያን ዓመታት ሥራዎች አስቀድማችሁ ከነበሩት ጋር ብታነጻጽሩ፣ ድምፅዋ እንደዚያው ዝግ እንዳለ ሆኖ በዙሪያው ያለው ነገር እንደተለወጠ ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ የሌ ሪታ ሚትሱኮ ቡድን ድምፃዊት የሆነችውን ካትሪን ረንዤን እናስብ። የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም በ1984 ጀርመን፣ ኮሎኝ አጠገብ ከፕሮዲውሰሩ ኮኒ ፕላንክ ጋር ተሠራ፤ የ1986ቱን ደግሞ ቶኒ ቪስኮንቲ ፕሮዲውስ አደረገው። የረንዤ ድምፅ ይጮሃል፣ ይሳለቃል፣ በአንድ ስንኝ ውስጥ ከሹክሹክታ ወደ ኦፔራ ይዘላል። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም በፈረንሳይኛ ዘፍነዋል፤ ለአንዷ የተዘጋጀ የድምፅ መሣሪያ ቅንብር ግን ለሌላዋ ከንቱ ነው። በኮምፒውተሮቻችን ውስጥ «የሴት ድምፅ» የሚል ስም ተሰጥቶት የተቀመጠውን ዝግጁ ቅንብር እንዳትከፍቱ የምለምናችሁ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ድምፅ በዓለም ላይ የለም።

አሁን ወደ ቀረጻው ክፍል እንግባ። እንደ አርዲ ዝግ ብላ ለምትዘፍን ድምፃዊት ሰፊ ዲያፍራም (ንዝረት ተቀባይ ስስ ሽፋን) ያለውና ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ ኮንደንሰር ማይክ፣ ለምሳሌ ከ1967 ጀምሮ ያለውን ኖይማን ዩ 87፣ ከአፏ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ላይ አቆማለሁ። ይህ ቅርበት ታችኛውን ድምፅ ስለሚያወፍረው ቀጭን ድምፅ ሥጋ ያገኛል። ይሁን እንጂ ራሷን አምስት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ባደረገች ቁጥር ውፍረቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከቅንብሩ ሁሉ በፊት የምትቆምበትን ቦታ መሬት ላይ በፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ። ድምፅዋን ለምትወረውር ድምፃዊት እስከ ግማሽ ሜትር እርቃለሁ፤ ወይም እንደ ሹር ኤስኤም 7 ያለ፣ ኃይለኛ ድምፅ የሚችል ዳይናሚክ ማይክ እሰጣታለሁ። «ስ»ና «ሽ» የሚያፏጭባትን ሴት ደግሞ ውድ ነው ተብሎ ላይኛው ክልል በሚያበራ ማይክ ፊት ማቆም ክፉ ልማድ ነው። ማይኩን ከአፏ መስመር ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ብቻ፣ በኋላ በዲ-ኤሰር (ፉጨት ቀናሽ መሣሪያ) ከምንታገለው ትግል ግማሹን ያስቀርልናል። ፈረንሳይኛ «ፕ»፣ «ት»፣ «ክ»ን ያለ ትንፋሽ ስለሚያወጣ ማይክ ላይ የሚመታው አየር ከእንግሊዝኛው ያነሰ ነው፤ የእሱ ችግር ፉጨቱ ነው።

ከማይኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚወስነው ድምፃዊቷ በሄድፎን የምትሰማው ነው። ራሷን አብዝታ ከሰማች ድምፅዋን ትቆጥባለች፤ ካነሳትም ትገፋለች፣ ጉሮሮዋም ይደክማል። እኔ ጊታሩን ዝቅ፣ ቤዙንና ኪቦርዱን ከፍ አድርጌ፣ ለእሷ ጥቂት ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ጨምሬ እጀምርና፣ ከመጀመሪያው ቴክ (አንድ ዙር ቀረጻ) በኋላ ገብቼ ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። በመስታወቱ ማዶ ሆኖ የመነጋገሪያ ቁልፍ ተጭኖ መጠየቅ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። አንዳንዷ አንዱን ጆሮ ገልጣ ብትዘፍን ይቀላታል፤ ይህ ከሄድፎኑ የሚያመልጥ ድምፅ ማይኩ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል ብላችሁ አትከልክሏት። ጥሩ ቴክ ከነትርፍ ድምፁ ከንጹሕ ግን ከሞተ ቴክ ይበልጣል።

ወደ ሚክሲንግ ስንመለስ፣ በፈረንሳይኛ ዘፈን ከሁሉ በላይ የእጅ ሥራ የሚፈልገው የስንኙ መጨረሻ ነው። ፈረንሳይኛ አጽንዖቱን የሚያሳርፈው በሐረጉ የመጨረሻ ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ ቤት የሚመታውም እዚያው ነው። በዚያ ቦታ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች በብዛት ይገኛሉ፤ በተፈጥሯቸውም የደበዘዙና ጉልበታቸው ያነሰ ናቸው። የእኛ ጆሮ ደግሞ አልለመዳቸውም። ባቡር ጣቢያውን ፈረንሳዮቹ በሚሉት ጠርተን «ለገሃር» ብለን ያስቀረን ሰዎች ነን፤ «ሃ»ውን የጨመርነው ከጉሮሮ የሚወጣውን የእነሱን «ር» ጆሯችን እንደዚያ ስለያዘው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዘን ስንቀመጥ፣ የሚያመልጠን ድምፅ እንዳለ አስቀድመን ማመን አለብን። ስለዚህ የግጥሙን ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ፣ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ፣ የየስንኙን መጨረሻ በፌደር አንድ ወይም ሁለት ዲሲቤል እያነሳሁ እሄዳለሁ። ይህን ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫን መሣሪያ፣ አይሠራልንም፤ ኮምፕሬሰር የሚያውቀው ከፍ ያለውን ድምፅ እንጂ ቤት የሚመታውን አይደለም።

ኮምፕሬሰሩን የማመጣው ከእጅ ሥራው በኋላ ነው። አንድ ፈጣን፣ 1176 እንደሚባለው ያለ፣ ድንገት የሚወጣውን ብቻ ሦስት ዲሲቤል ያህል ይያዝ፤ ቀጥሎ እንደ ኤልኤ-2ኤ ያለ ዝግ ያለ ኮምፕሬሰር የቀረውን ያለዝብ። አንዱን ብቻ አሥር ዲሲቤል ማስጨነቅ ድምፁን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ትንፋሹም ከቃሉ እኩል ይጮሃል። ትንፋሽን ግን ቆርጣችሁ አትጣሉ። ዝግ ብላ የምትዘፍን ሴት ትንፋሽ የቃሏ አካል ነው፤ በጣም ሲጎላ በእጅ ቀነስ አድርጉት እንጂ ከነጭራሹ ካጠፋችሁት አድማጭ ሳያውቀው ይጨነቃል።

ስለ ሪቨርብ አጭር እሆናለሁ። ከ1957 ጀምሮ የተሠራው ኢኤምቲ 140 የተባለው የብረት ሳህን ሪቨርብ ወደ 270 ኪሎ የሚመዝን፣ ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነበር፤ የ1960ዎቹ የፈረንሳይ ድምፃውያት ብርሃን ከእሱ የመጣ ነው ብንል አንሳሳትም። ዛሬ አምሳያው በሶፍትዌር አለ። ከመግባቱ በፊት ከ40 እስከ 80 ሚሊሰከንድ ያህል አዘግዩት፤ ቃሉ ቀድሞ ደርቆ ይድረስ፣ ቦታው ከኋላው ይከተል።

ያ የ«ቱ» ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ ሳልነግራችሁ አላቆምም። ኢኮላይዘሩን አጠፋሁት። ከሁለቱ ጊታሮች 2000 ኸርዝ አካባቢ ሦስት ዲሲቤል ቀነስኩ፤ የድምፃዊቷን ፌደር አንድ ዲሲቤል ዝቅ አደረግሁት። አዎን፣ ዝቅ አደረግሁት። በትንሿ ድምፅ ማጉያ ስናዳምጠው ቃሉ በግልጽ ተሰማ፤ መውጋቱም ቀረ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀጣዩን ዘፈን እንድከፍት በእጇ አሳየችኝ። ሁለቱን ሚክሶች፣ ያጠፋሁትንም ያረምሁትንም፣ ለትምህርት እንድጠቀምባቸው ፈቅዳልኛለች፤ ይዣቸው መጥቻለሁ። አዝማቹ የሚጀምረው 48ኛው ሰከንድ ላይ ነው፤ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዓይናችሁን ጨፍኑና የመጀመሪያውን ላሰማችሁ።