ልጁን አታባሩት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው። የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ አድሮ ታገኙታላችሁ።

የማወራው ስለ ማስቲሽ ነው። ጫማ ሰፊ ሶል የሚያጣብቅበት ማስቲሽ። መናኸሪያ አካባቢ ሃይላንድ እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው የሚስቡትን ልጆች አይታችኋል። እኔም ለዓመታት አይቻለሁ። አይቼም አልፌያለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ግን አላለፍኩም። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ማዳበሪያ ለብሶ ይስባል። ደሜ ፈላ። "አንተ! ጣለው!" ብዬ ጮህኩበት። ብድግ ብሎ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት፣ ጠርሙሱን ልቀማው። አመለጠኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። ነርስ ናት። ፊቷ ተለዋወጠ። "ሁለተኛ እንዳታደርገው" አለችኝ። "ልጁ እዚያው ሊሞት ይችል ነበር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስቲሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል አለ። ትነቱ በሳንባ ገብቶ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ልብንም ያውካል። ስንደነግጥና ስንሮጥ ሰውነታችን አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል አይደል? በማስቲሽ የታወከ ልብ ያንን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ምቱ ይዘበራረቃል፣ ከዚያ ይቆማል። ሚላርድ ባስ የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 አሜሪካ ውስጥ የተለያዩ ኬሚካሎችን ትነት ስበው በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን ጉዳይ አሳትሟል። ሱስ የያዘው ብቻ አይደለም የሚሞተው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረም ሊሞት ይችላል።

ይህን ስሰማ እግሬ ከዳኝ። ስንቱ ዘበኛ፣ ስንቱ ባለሱቅ በየቀኑ ያባርራቸዋል! ሁላችንም እኮ ለነሱ ያሰብን ይመስለናል።

ቀስ ብሎ የሚጎዳውም አለ። ቶሉዊን ስብ ይወዳል፤ የነርቮቻችን ሽፋን ደግሞ ስብ ነው። ለረጅም ጊዜ የሳበ ልጅ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ይረሳል፣ ጆሮው ይደክማል፣ ዓይኑ ይፈዛል። ኩላሊቱ ሲጎዳ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ከሰውነቱ ያልቅና ጡንቻው ይዝላል። አንዳንዱ ማስቲሽ ሄክሴን የሚባል ሌላ ኬሚካል አለበት፤ እሱ እግርና እጅ ያደነዝዛል። ቤንዚን የሚስቡትም ከዚህ አያመልጡም።

እዚህ እኛ ጋ የሚያሰጋኝ ደግሞ እሳቱ ነው። ማታ ማታ ካርቶን አንድደው ይከቡታል። ትነቱ ተቀጣጣይ ነው፤ ልብሳቸውም ማስቲሽ ጠጥቷል።

ጫማ የሚሰፉልኝን ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ለልጅ አልሸጥም" አሉኝ። "ግን ልጄ፣ ከእኔ ቢያጡ ከሌላ ያገኛሉ።" እሳቸውም ቀኑን ሙሉ እዚያች ጠባብ ዳስ ውስጥ ሲያሸቱት ይውላሉ። መጋረጃዋን ክፈቷት አልኳቸው። ብርዱስ? አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እህቴ ያስተማረችኝን ልንገራችሁ። ሲስብ ካያችሁት አትጩሁበት፣ አትንጠቁት፣ አታሩጡት። በዝግታ አናግሩት፣ አየር ወዳለበት ቦታ ውሰዱት፣ እስኪረጋጋ አብራችሁት ቆዩ። ራሱን ስቶ ግን የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ትውከት እንዳያንቀው። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና አድርሱት። መተንፈስ ካቆመ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ ሰው ጥሩለት።

ልጁን ፈለግኩት። ሁለት ሳምንት አጣሁት። ስንት ነገር አሰብኩ መሰላችሁ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት እዚያው ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ራቅ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሻይ በዳቦ አዘዝኩለት። ለምን እንደሚስብ ስጠይቀው "ጋሼ፣ ብርዱን ያስረሳል፣ ረሃቡንም" አለኝ። ብርጭቆውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠና ሻዩ ፈሰሰ። ብርዱ ነው ብዬ ነበር። እህቴ ብርዱ ብቻ ላይሆን ይችላል አለችኝ።

ነገ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ ልንወስደው ቀጥረነዋል። ከመጣ።