ዘንድሮ ከአዳራሽ እንውጣ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ሀዋሳ

እንኳን ደህና መጣችሁ! ከይርጋለምና ከዲላ ድረስ ሚኒባስ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ምስጋናው እጥፍ ነው። ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ እስቲ፣ ማይኩን ያው ታውቁታላችሁ። የሊቀመንበር ንግግር ምስጋና በምስጋና ሆኖ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት፣ የአስትሮኖሚ ክበባችንን ፕሮግራሞች ከአዳራሽ እናውጣቸው።

ስንት ፓወርፖይንት አሳየን በናታችሁ? የጄምስ ዌብ የህዋ ቴሌስኮፕ ፎቶ፣ የጋላክሲ ፎቶ፣ ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል፣ አለቀ። ጥር ላይ ፍቅር ሐይቅ ጋ መንገድ ዳር ቴሌስኮፑን ስናቆም ግን የባጃጅ ሹፌሩ፣ ቆሎ ሻጯ፣ ሊስትሮው ሁሉ ተሰለፈ። ጁፒተር ለምድር የቀረበበት ወር ስለነበር ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው ትልልቅ ጨረቃዎቹ ከጎኑ ተደርድረው ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። አንዱ ሊስትሮ ዓይኑን ደቅኖ ትንሽ ቆየና "ጋሼ፣ አመለጠኝ!" አለ። ያመለጠው ፕላኔቱ አይደለም እኮ፣ ምድር ናት የምትዞረው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በደንብ አጉልተህ ስታይ ጁፒተር ወዲያው ከዓይንህ ይወጣል። ቱቦውን ራሱ እንዲገፋው ለቀቅኩለት፣ አገኘው፣ አመለጠው፣ ደግሞ አገኘው፣ ከዛ በኋላ ለተሰለፈው ሰው አስረጂው እሱ ሆነ፣ እኔን ማን ይስማኝ! የምድርን መዞር በስላይድ ስናስተምር እንደዛ የገባው ሰው አላየሁም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሰው አትጥሩ! ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የለም፣ ዝም ብላ ነጭ ሳህን ነው የምትመስለው፣ ሌላውንም ኮከብ ታጠፋብናለች። ግማሽ ስትሆን አድርጉት፣ ብርሃንና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጥላ ጥለው ሰው "ወይኔ!" ይላል። ሳተርንንም ቀለበቱ ቀጠነ ብላችሁ አትተዉት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ላይ ቀለበቱ በስስ ጠርዙ በኩል ዞሮብን ነበር፣ አሁን ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው።

ሩቁን ዩኒቨርስስ እንዴት እናሳይ ለምትሉ፣ ከራሳችን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ህብረት ለየሀገሩ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ስም እንዲያወጣለት ሲሰጥ የኛ ኮከብ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል። አንድሮሜዳ በሚባለው ህብረ ኮከብ (የኮከቦች ስብስብ) ውስጥ ነው ያለው፣ በባዶ ዓይን አይታይም፣ ባይኖኩላር ይበቃዋል። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ የምናየው ብርሃን የተነሳው በዘመነ መሳፍንት፣ አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ የሚባል ልጅ ሳለ ነው። እዛው ህብረ ኮከብ ውስጥ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ አለ፣ እሱ ጨለማ ካገኘ በባዶ ዓይንም ይታያል፣ ብርሃኑ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል፣ አፋር ጎና ላይ ድንጋይ እየተፈለጠ መሳሪያ ይሰራበት ከነበረው ዘመን ብዙም አይርቅም። ለሀዋሳ ልጅ ከዚህ በላይ ምን አስረጂ ያስፈልገዋል? ጨለማው ላይ ነው ችግሩ፣ የሐይቁ ዳር መብራት በየዓመቱ እየበዛ ነው፣ ለእሱ ከከተማ ወጣ ማለት ይኖርብናል።

ሌላው አስቸኳይ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰዓት ፀሐይ ትጋረዳለች። ሙሉ ግርዶሹ ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ እኛ ጋ ግን በከፊል ነው። በከፊል ማለት ደግሞ አንዲትም ሰከንድ ያለ መከላከያ አይታይም ማለት ነው፣ የራጅ ፊልም አይሆንም፣ ጥቁር መነጽር አይሆንም፣ ቴሌስኮፕም ከፊት ለፊቱ የፀሐይ ፊልተር ካልገባለት ዓይን ያጠፋል። ሐምሌ ስለሆነ ደመናው ያሰጋል፣ ቢሆንም መነጽሩን በመጨረሻው ሳምንት ገበያ ላይ መፈለግ አይቻልም፣ ለየትምህርት ቤቱ ከአሁኑ መድረስ አለብን።

ስለዚህ ለአዳራሽ ኪራይ ከያዝነው ብር ግማሹ ለግርዶሽ መነጽርና ለሁለት ባይኖኩላር ይዙር የሚል ሀሳብ አቀርባለሁ። ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቷን ካቀረበች በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን፣ የምትቃወሙም በደንብ ተከራከሩ። መድረኩ የሷ ነው።