ክብሪት ከመጫሩ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከደሴ ነው የማናግራችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ውጭ እያካፋ ነው፤ ከኋላ የቆርቆሮ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው።

የዛሬው ወሬያችን እሳት ነው። ሜዳ ወጥቶ ለሚያድር ሰው እሳት ቶሎ ማያያዝ። ከማውቃቸው ልጆች ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ይዘው የሚወጡ አሉ። ሐይቅ ዳር የሚያድር አለ፣ አርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ አለ፣ የጎፍ ጫካ የሚወጣ አለ። ይህን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን ሲመሽ የሚሆነውንም አውቃለሁ። ክብሪቱ እየተጫረ ያልቃል። ላይተሩ ጣት ያቃጥላል። ሁሉም ተራ በተራ እየተንበረከከ እፍ ይላል። ጭስ እንጂ እሳት የለም። መጨረሻ ላይ አንዱ ፌስታል ይፈልጋል፣ ሌላው ከሞተሩ ቤንዚን ልቅዳ ይላል።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ቶሎ የሚነድ እሳት የሚሠራው ክብሪት ከመጫሩ በፊት ነው። ግማሽ ሰዓት ማገዶ ለቅሞ በየመልኩ ለለየ ሰው አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። ግንድ ከምሮ ዝም ብሎ ለሚለኩስ ግን አንድ ፓኮም አይበቃውም።

ምክንያት አለው። እንጨት መጀመሪያ መጋል አለበት። ሲግል ከውስጡ ጋዝ ይወጣል። ነበልባል ብለን የምናየው ያ ጋዝ ሲቃጠል ነው። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ዛሬ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። በደንብ የደረቀው ግን ከ20 በመቶ በታች ነው የሚይዘው። አንዲት ክብሪት ያላት ሙቀት ደግሞ ጥቂት ነው። ያችን ጥቂት ሙቀት በጣም ቀጭንና በጣም ደረቅ ለሆነ ነገር ስጧት። ቀጭኑ መካከለኛውን ያግላል፣ መካከለኛው ደግሞ ወፍራሙን።

በዚህ ላይ የደሴ ከፍታ አለ። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እኛ ለምደነዋል። እሳት ግን አየር ይፈልጋል፤ ታፍኖ የተከመረ እንጨት ጭሶ ጭሶ ይጠፋል። ጉሙም አለ። ከጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድ መሬት ያለውን ጭራሮ ሁሉ ያረጥበዋል። በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነገሩ ይቀላል። እዚያ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ይሞቃል፣ እንጨቱም ቶሎ ይደርቃል።

እሺ፣ ምን እንልቀም?

መጀመሪያ ክብሪቱን የሚቀበለው ነገር። ጥድ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ አብሽሩ። ያረጀ ጥድ ቅርፊቱ በቀጭን በቀጭኑ ይላጣል። የደረቀውን ወስዳችሁ በሁለት መዳፋችሁ መሐል እሹት፣ እስኪለሰልስና እስኪበታተን ድረስ። ባህር ዛፍም ጥሩ ነው። ቅርፊቱ ራሱ ተልጦ ይንጠለጠላል፤ ደረቅ ቅጠሉ ዘይት ስላለው እየተንጣጣ ይነዳል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ገለባ ይገኛል፣ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ኩበት ቶሎ አይነበለበልም፣ አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም።

ከዚያ ጭራሮ። አብዛኛው ሰው ጥቂት የሚለቅመው እሱን ነው። ስንደዶ የሚያክል፣ እስክሪብቶ የሚያክል፣ አውራ ጣት የሚያክል፤ ለየብቻ አስቀምጡት። ከቀጭኑ ሁለት እቅፍ ያዙ። በቃኝ ካላችሁ በኋላ ያንኑ ያህል ጨምሩ። መድረቁን በድምፁ ታውቃላችሁ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ያዙት፣ ከተለመጠ ተዉት። ከተጠራጠራችሁ ጉንጫችሁን አስነኩት፤ ቀዝቀዝ ካላችሁ እርጥበት አለው።

ክረምት ላይ መሬት የወደቀውን እርሱት። ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀውን የታችኛውን ቅርንጫፍ ፈልጉ። ውጩ በዝናብ ቢረጥብም ውስጡ ደረቅ ነው። በገጀራ ፍለጡት፣ ከመሐሉ በቢላ ፍቅፋቂ አውጡ። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ያ ፍቅፋቂ ይነዳል። እርጥብ ዛፍ ግን አትቁረጡ። አይነድላችሁም፣ ደኑንም ትጎዱታላችሁ።

ወይራና ግራር ለኋላ ይቀመጡ። ከባድ እንጨት ናቸው፣ ለመያዝ ያስቸግራሉ። ከያዙ በኋላ ግን ፍማቸው ይቆያል። ጀበና ለመጣድ ከወይራ ፍም የሚሻል አላውቅም። ቁልቋል እሳቱ ዘንድ አይድረስ፤ ነጩ ወተቱ ዓይን ይጎዳል።

አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር ታዩታላችሁና። ትንሽ ደመራ ነው የምትደምሩት። መሬቱ ከረጠበ አውራ ጣት የሚያክለውን እንጨት ደርድራችሁ አንጥፉ። የታሸውን ቅርፊት መሐል አድርጉ። ቀጭኑን ጭራሮ ዙሪያውን አቁሙ፣ በመሐሉ አየር እንዲገባ ክፍተት ተዉ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ የቆመው እንጨት ከሥሩ እየጋለ ይመጣል። ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ተንበርከኩ፣ ከነፋሱ በኩል ከታች ለኩሱ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። እሳቱ ሳይጠና ወፍራም እንጨት አትጫኑበት።

አሁን ስለ እፍ ማለት ላውራ። ይህን ያየሁት ኩታበር፣ ከአያቴ ነው።

አያቴ ማታ ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፣ ታዳፍነዋለች። አመዱ አየር ስለሚከለክለው ፍሙ ሳያልቅ ያድራል። ጠዋት አመዱን በእንጨት ገለጥ ታደርገዋለች። ከሥሩ ቀይ ፍም ብቅ ይላል። ኩበት በጣቶቿ ፈርፍራ ታስጠጋለች፣ ከላዩ ገለባ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ጉንጯ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ትልና ከንፈሯን አሹላ እፍ ትላለች። ረዥም፣ ቀጭን፣ የማይቆራረጥ ትንፋሽ። ትንፋሹ የሚያርፈው ፍሙ ሥር ነው። አየር ስትስብ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፣ ጭሱን እንዳትስበው። ገለባው መጀመሪያ ይጠቁራል። ጠርዙ ይቀላል። ጭሱ ነጭ ሆኖ ይወፍራል። ከዚያ ቦግ!

እሳት የጠፋበት ጎረቤት ደግሞ ልጁን ይልካል። ልጁ በገል ፍም ተጭሮለት እየሮጠ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ያኔ ማንም እውቀት ብሎ የጠራው የለም። የቤት ሥራ ነበር። የእረኛውም እንደዚያው፤ ተራራ ላይ በብርድና በነፋስ እሳት አያይዞ እሸት የሚጠብስ ልጅ የሚያውቀውን ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀውም። ዛሬ የከተማ ልጅ እሳት ማንደድን ከባሕር ማዶ ቪዲዮ ይማራል። ይማር፣ አልከፋም። ግን ቤቱ ውስጥ እናቱ አለች፣ አክስቱ አለች። እነሱን ቀድሞ ቢጠይቅ እላለሁ። ያንን ኑሮ እያሞገስኩት አይደለም። ጭሱ የአያቴን ዓይን ጎድቶታል፣ ሳሉም አይለቃትም ነበር። እጇ የሚያውቀው ነገር ግን አብሯት መቀበር አልነበረበትም። እሳት ባነደድኩ ቁጥር ይህ ይሰማኛል።

ወደ ቤንዚኑ ልመለስ፣ በዚህ ነገር ቀልድ የለኝም። ቤንዚን ሲፈስስ ትነቱ በዙሪያው ይዘረጋል፣ ዓይን አያየውም። ክብሪቱን ስትጭሩ የሚነደው መጀመሪያ እሱ ነው፣ እናንተ ደግሞ መሐሉ ናችሁ። ፌስታልም ይቅር። ጭሱ መርዝ ነው፤ ሥጋ ልትጠብሱበት ነው እኮ። በምትኩ ቁራጭ ጧፍ ያዙ። ክብሪት በሰከንዶች ያልቃል፣ ጧፍ ግን ለደቂቃዎች እየነደደ ይቆያል። ከቅርፊቱ ሥር ሻጥ ማድረግ ነው። ክብሪቱን በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ያዙት።

ጥቂት ነገር ስለ ቦታው። ቅጠልና ሣር የሌለበት ባዶ መሬት ምረጡ፤ በተለይ በበጋ፣ በተለይ ጫካ አጠገብ። ጉልቻ ስትፈልጉ ከቦርከና ወንዝ ውስጥ ድንጋይ አታውጡ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፣ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ነው የሚፈሰው፣ ጭሱም አብሮት ይወርዳል። ድንኳኑን ከእሳቱ በላይ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ።

ሌላው ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደሴ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። አንዱ ተነስቶ ፍሙን በብረት ድስት ይዘን ድንኳን እንግባ ይል ይሆናል። እምቢ በሉት። ከሰልና ፍም ጭስ ባይኖራቸውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃሉ። ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። እባካችሁ ይህችን ለታናናሾቻችሁ ንገሩልኝ።

ከመተኛታችሁ በፊት፣ ከቦታው ስትነሱም፣ ውሃ አፍስሱበት። ፍሙን በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ። አመዱን በእጃችሁ ጀርባ ከላይ ሞክሩት። ትንሽም ቢሞቃችሁ አልጠፋም ማለት ነው፣ ድገሙት። አፈር ብቻ አልብሳችሁ እንዳትሄዱ፤ አያቴ ፍሙን የምታሳድረው አመድ አልብሳ ነበር፣ አፈርም ያንኑ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከመጠጫችሁ ሌላ ለማጥፊያ አንድ ጀሪካን ውሃ ለብቻው ይቀመጥ።

በሉ፣ ቅዳሜ ሐይቅ የምትወርዱ ልጆች በሰላም ግቡ። ደህና ሁኑ።